ፍሬኑ የተፈታው ጠመንጃ

ቀትር ላይ፣ በኦሞ ሸለቆ አፋፍ ባለች የገጠር ቀበሌ፤ በአደን ጠመንጃ ጩኸት ጆሮው የደነቆረው የቀድሞ ዱካ ፈላጊ ዳምጠው ከቤቱ ሊወጣ ሲል፣ ለብዙ ዓመት አብሮት የሠራው የአደን ካምፑ መሪ አዳኝ መርሻ በሩ ላይ አግዶታል።

መርሻ፦ አትሂድ እልሃለሁ! ተቀመጥ!

ዳምጠው፦ አትጩህብኝ! ደንቆሮ ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም።

መርሻ፦ ካልጮህኩ አትሰማ፣ ከጮህኩ ትቆጣ። ምን ልሁንልህ?

ዳምጠው፦ ወደ ቀኜ ዙርና ጩህ። የግራው ሞቷል። ሬሳ ላይ ምን ያስጮህሃል?

መርሻ፦ እሺ፣ በቀኝህ ነኝ። ተቀመጥ በቃ፤ ፀሐዩ ይብረድ።

ዳምጠው፦ ፀሐይ ፈርቼ ነው ወንድሜን የማልቀበለው? ምትኩ ዛሬ ከካምፕ ይወርዳል። እስከ መኪናው መንገድ እወጣለሁ። ዱላዬን አቀብለኝ።

መርሻ፦ ዱላህን አላየሁትም!

ዳምጠው፦ በእጅህ ይዘኸዋል እኮ።

መርሻ፦ ይኸው... ይዤዋለሁ። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው። ከተጫወትን ስንት ጊዜያችን!

ዳምጠው፦ ቆይ፣ አንተ መጥተህ እሱ ለምን ቀረ? በአንድ መኪና አይደለም የምትወርዱት?

መርሻ፦ መኪናው በላይኛው መንገድ ዞረ! በእናታችሁ ቤት በኩል!

ዳምጠው፦ አሃ! እማዬን ሊስም ነዋ! ጎበዝ ልጅ። እሷ ናት እኮ መሄዱን እንቢ ያለችው። አሁን ስታየው ልቧ ይመለሳል።

መርሻ፦ (ዝቅ ብሎ) እያየችው ነው ዳምጤ። ጩኸቷ ጋራውን ተሻግሮ እዚህ ይሰማል።

ዳምጠው፦ ምን አልክ?

መርሻ፦ አየችው ነው ያልኩት! ደርሷል!

ዳምጠው፦ እንግዲያው እኔም ወደዚያው ልውጣ። ሁለታችንንም አንድ ላይ ታየን።

መርሻ፦ ቆይ! ሽማግሌዎች ይመጣሉ! አንተ ጋ ነው የሚመጡት!

ዳምጠው፦ ሽማግሌ? እኔ ጋ? ምን አጠፋሁ?

መርሻ፦ ምንም አላጠፋህም!

ዳምጠው፦ ታዲያ ሽማግሌ ከእኔ ቤት ምን... ቆይ። ቆይ ቆይ። አንተ መርሻ! ደግሞ ሲደብቅ እዩት! ምትኩ ሊያገባ ነው!

መርሻ፦ አይደለም፣ ዳምጤ...

ዳምጠው፦ ለዚህ ነዋ መጀመሪያ እማዬ ቤት የገባው! ለዚህ ነው አንተ ዱላ ቀምተህ በር ላይ የምትቆመው! የጤና ኬላዋ ልጅ ናት? ያቺ ሳቂታዋ? ባለፈው መድኃኒት ልትሰጠኝ መጥታ እኔን ትታ እሱን ስታይ ነበር። ጆሮዬን እንጂ ዓይኔን መቼ አጣሁት!

መርሻ፦ (ዝቅ ብሎ) አምላኬ፣ ምን ዓይነት አፍ ልበደር።

ዳምጠው፦ አታጉረምርም። ስሟን ብቻ ንገረኝ።

መርሻ፦ ሽማግሌዎቹ ይንገሩህ! እኔ ልናገር አልተፈቀደልኝም!

ዳምጠው፦ ደግ ነው፣ ደግ ነው። ወጉን ጠብቁ። ና ከደጃፉ እንቀመጥ። እንዴት ደስ አለኝ መሰለህ! አንድ ነገር ልንገርህ? ሰርግ ሲባል መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከሚስቱ ቤት ሙሉ ጆሮ ይዞ ይገባል አልኩ። እኔ ሚስቴ ስትስቅ ጥርሷን ነው የማየው። ሳቋን ካልሰማሁ ቆየሁ። አንዳንዴ እንዴት ነበር እላለሁ... ቀጠን ያለ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ይሰበር ነበር። አሁን ግን እያስታወስኩት ይሁን እየፈጠርኩት አላውቅም።

መርሻ፦ እሷስ የት ሄደች?!

ዳምጠው፦ ማን? ሚስቴ? እኔ እንጃ። ቅድም ከጓሮ ስትሮጥ አየኋት። ጫማ እንኳ ሳታደርግ። ጥጃዋ ጠፍታባት ይሆናል አልኩ።

መርሻ፦ (ዝቅ ብሎ) ሰምታ ነው።

ዳምጠው፦ ለምንድን ነው በግራዬ የተቀመጥከው? ደንቆሮው ጎን እኮ ነው።

መርሻ፦ ጥላው እዚህ ነው!

ዳምጠው፦ ለጥላ ብለህ ጨዋታ ትተዋለህ? ይሁን። እኔ እንደሆንኩ መናገር እንጂ መስማት ካልቻልኩ ቆየሁ። ሰው ሲያየኝ አፉን ከፍቶ ይጮህብኛል፤ ሲደክመው ይተወኛል። አንተ ብቻ ነህ ሳይሰለችህ የምትመጣው።

መርሻ፦ ተው እንዲህ አትበል!

ዳምጠው፦ ለምን አልል? እውነት ነው። ያን ቀን እንኳ፣ ያ ፈረንጅ አዲሱን ጠመንጃ ይዞ የመጣ ቀን፣ ደሜ ከጆሮዬ ሲወርድ አዝለህ ወንዙን ያሻገርከኝ አንተ ነህ። ታስታውሳለህ ያቺን ከአፈሙዙ ጫፍ የምትጠለቀዋን ብረት? እንደ ዋሽንት በጎንና በጎኗ የተበሳችዋን?

መርሻ፦ እንዴት እረሳታለሁ!

ዳምጠው፦ ‹ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?› ብዬ ስጠይቅህ ‹ፍሬን ናት፤ ጠመንጃው ሲተኮስ እንዳይራገጥ ትይዘዋለች› አልከኝ። እውነትም ፍሬን! ጠመንጃው እሱን መርገጡን ተወ፣ ርግጫውን በቀዳዳው ወደ ጎን ላከው። ጎኑ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

መርሻ፦ ትከሻህ ላይ አስደግፎ ነበር የተኮሰው!

ዳምጠው፦ አዎን! ‹አትንቀሳቀስ፣ አትተንፍስ› ተባልኩ። አልተነፈስኩም። እናንተ ሁለታችሁ ያንን እንደ ድስት ክዳን ያለ ነገር ጆሯችሁ ላይ ደፍታችኋል፤ እኔ የጎሹን ኮቴ ልሰማ ጆሮዬን ከፍቻለሁ። ዱካ ፈላጊ ጆሮውን ደፍኖ ምን ይፈልጋል? ከዚያ... ምን ልበልህ፣ ራሴ ውስጥ በር የተዘጋ መሰለኝ። በቃ፣ እስካሁን አልተከፈተም። ለሱ ትከሻ ሲባል የኔ ጆሮ ሄደ። ትከሻውም እኮ የበሬ ትከሻ ነበር!

መርሻ፦ ያኔ ማስቆም ነበረብኝ!

ዳምጠው፦ ያኔ ማን ያውቃል? አንተም አላወቅክም። ሲታወቅ ግን የሚደረገውን አድርገናል። ምትኩ ‹በወንድሜ ቦታ ካልገባሁ› ብሎ ሲያስቸግርህ ምን አልኩህ?

መርሻ፦ ተው አሁን እሱን...

ዳምጠው፦ ‹ያ ፈረንጅ ተመልሶ ሲመጣ ወይ ያንን ድምፅ ማፈኛ የሚሉትን ያምጣ፣ ወይ ፍሬኑን ይፍታ፤ አለዚያ ወንድሜን አልሰጥም› አላልኩህም? ማፈኛውን በስልክህ አሳይተኸኛል፣ እንደ ወፍራም ሸምበቆ ያለውን። ጩኸቱን ባያጠፋውም ያለዝበዋል፣ ርግጫውንም ይቀንሳል ብለኸኛል። መጣ ማፈኛው?

መርሻ፦ አልመጣም! ኤርፖርት ላይ ‹ፈቃድ የለውም፣ አይገባም› ተብሎ ቀረ!

ዳምጠው፦ ስትገርሙ! ጠመንጃው ይገባል፣ ጩኸቱን የሚያለዝበው አይገባም! ይሁን። ስለዚህ ፍሬኑ ተፈታ ማለት ነው። ደግ አደረጋችሁ። ምለህልኛልና አልጠይቅህም። ታውቃለህ መርሻ፣ በዚህ ዕድሜዬ አንድ ነገር ሠራሁ ብዬ የምኮራው በዚያች ቃል ነው። እማዬ ደረቷን እየደቃች ‹አንዱን ልጄን ጫካ አደነቆረብኝ፣ ሁለተኛውን አልሰጥም› ስትል፣ ከፊቷ ተንበርክኬ ‹ዋሱ እኔ ነኝ፤ ፍሬኑ ይፈታል፤ ምትኩ አንድ ነገር ቢሆን ከኔ ፈልጊው› አልኳት። አየችኝ፣ አየችኝና ‹እንግዲህ ካልክ› አለች። ይኸው ልጇን በደህና መለስኩላት።

መርሻ፦ (ዝቅ ብሎ) ፈትቼው ነበር ዳምጤ። በገዛ እጄ ነው የፈታሁት። ፈረንጁ እንቢ ሲል ተጣልቼው ነው የፈታሁት።

ዳምጠው፦ መንገዱ ላይ አቧራ ይታየኛል። እነሱ ይሆኑ እንዴ?

መርሻ፦ (ዝቅ ብሎ) ሰውየው ያለ ፍሬን መተኮስ አልለመደም። ጠመንጃው እንዳይመታው ፈርቶ ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ። ጎሹን ሆዱን መታው። ሆዱን የተመታ ጎሽ ምን እንደሚሆን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ዳምጠው፦ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል። ለኔ ነው ወይስ ለፈጣሪህ?

መርሻ፦ ጸሎት ነው!

ዳምጠው፦ ጸልይ፣ ጸልይ። አንተ እንኳ ከጸለይክ ዓለም ሊያልፍ ነው።

መርሻ፦ (ዝቅ ብሎ) ሸምበቆው ውስጥ ገባ። ቁስለኛ ትቶ መመለስ አይቻልም፣ ተከተልነው። ምትኩ ሰማው። ከሁላችን በፊት ሰማው። ‹መርሻ ከኋላህ!› ብሎ ገፈተረኝ። እኔ ወደቅኩ፣ ጎሹ እሱን አገኘው። ተኩሼ ጣልኩት፣ ግን ምን ዋጋ አለው! በጀርባዬ አዝዬው ስወጣ ነፍሱ ነበረች። ‹ለዳምጠው ንገረው፣ ጆሮዬ ደህና ነው በለው፤ ሰምቼዋለሁ በለው› አለኝ። ሌላ አልተናገረም።

ዳምጠው፦ ሴቶቹ ወዴት ነው የሚሮጡት?

መርሻ፦ የት? የትኞቹ?!

ዳምጠው፦ እነዚያ፣ በባሕር ዛፉ ሥር። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ሰው ሞቷል ማለት ነው። ማን ሞተ?

መርሻ፦ አላውቅም! እኔ እንግዳ ነኝ!

ዳምጠው፦ ወደ ላይኛው መንደር ነው የሚወጡት። እዚያ የታመመ ሰው አልነበረም... መርሻ፣ ለምን ታለቅሳለህ?

መርሻ፦ አቧራ ነው!

ዳምጠው፦ አቧራው ገና መንገዱ ላይ ነው፣ እዚህ አልደረሰም። ወደኔ ዙር እስቲ። ዙር!

መርሻ፦ ተወኝ ዳምጤ...

ዳምጠው፦ ኮፍያህን የት ጣልከው? አንተ ኮፍያህን አውልቀህ እንቅልፍ እንኳ አትተኛም። ሸሚዝህን አሳየኝ። ይኼ ደም ነው። አጥበኸዋል፣ ግን ውኃ ብቻ ነው ያገኘኸው።

መርሻ፦ የጎሽ ደም ነው! አደን ላይ አልነበርኩም እንዴ?!

ዳምጠው፦ የጎሽ ሥጋ በትከሻ ሲሸከሙት ደሙ በፊት ለፊትም በክንድም ይወርዳል። ይኼ ከማጅራትህ ጀምሮ በጀርባህ ነው የወረደው። ራሱን ማጅራትህ ላይ ያስደገፈ ሰው አዝለሃል። ሚስቴ ያለ ጫማ ሮጣለች። ሴቶቹ ወደ እማዬ ቤት ይሮጣሉ። ሽማግሌ ይመጣል ትለኛለህ። አንተ ዱላዬን ይዘህ በር ላይ ትቆማለህ።

መርሻ፦ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ብቻ ጠብቅ! በወጉ ይሁን! እግዚአብሔር ያሳይህ፣ ትንሽ ብቻ!

ዳምጠው፦ ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ። ነበርክ፤ ተናገር። ምትኩ ነው?

መርሻ፦ አዎ።

ዳምጠው፦ አልሰማሁህም።

መርሻ፦ አዎ!

ዳምጠው፦ አልሰማሁህም አልኩህ!

መርሻ፦ ምትኩ ነው! ሞቷል! ምትኩ ሞተ ዳምጤ!

ዳምጠው፦ ... በመጀመሪያውም ሰምቼሃለሁ። ትንሽ ሳልሰማ ልቆይ ብዬ ነው።

መርሻ፦ ወንድሜ...

ዳምጠው፦ አትያዘኝ። ልቀመጥ። አልወድቅም፣ ልቀመጥ ብቻ። ጎሽ ነው?

መርሻ፦ ጎሽ ነው!

ዳምጠው፦ እማዬ እየጮኸች ነው?

መርሻ፦ አዎ!

ዳምጠው፦ ከመቼ ጀምሮ?

መርሻ፦ አንተ ጋ ከመድረሴ በፊት!

ዳምጠው፦ እኔ ሰርግ ስደግስ፣ እሷ ስትጮህ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እኔን ነው ለካ። አገር ሁሉ ሰምቶ ሲሮጥ እኔ ሙሽራ እመርጣለሁ! ለምን ዝም አልከኝ? ያቺን ልጅ ስጠራ ለምን አፌን አልያዝክም?

መርሻ፦ አቃተኝ! ደስ ሲልህ ካየሁ ቆይቼ ነበር! አቃተኝ!

ዳምጠው፦ ምን እያለች ነው?

መርሻ፦ ማን?

ዳምጠው፦ እማዬ። እኔ አልሰማትም፣ አንተ ትሰማታለህ። ምን እያለች ነው የምታለቅሰው? ንገረኝ።

መርሻ፦ ተው ይቅርብህ!

ዳምጠው፦ የገዛ እናቴን ሙሾ በሰው አፍ ልስማ እንጂ! ንገረኝ አልኩህ!

መርሻ፦ ‹አንዱን ጆሮውን፣ አንዱን ነፍሱን› ትላለች! ‹አፈሙዝ ያለ እኔ ልጆች ምግብ የለውም ወይ› ትላለች!

ዳምጠው፦ እኔንስ ትጠራለች?

መርሻ፦ ‹ዳምጠው ይምጣልኝ› ትላለች!

ዳምጠው፦ እንዲህ አትልም። እናቴን አውቃታለሁ። ‹ዋሱ የታል› ነው የምትለው። አይደለም?

መርሻ፦ ...

ዳምጠው፦ አየህ፣ ዝም ስትል በደንብ ነው የምሰማህ። ‹ዋሱ የታል› ትላለች። እሄዳለሁ፣ እግሯ ላይ እወድቃለሁ፣ እሷም ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?

መርሻ፦ አትጠይቅህም! የልጅ ሐዘን ላይ ሆና ማን ዋስ ይጠይቃል!

ዳምጠው፦ ዛሬ ባትጠይቅ ነገ ትጠይቃለች። በአፏ ባትጠይቅ በዓይኗ ትጠይቃለች። ለኔ ደግሞ ከአፍ ይልቅ ዓይን ነው የሚጮህብኝ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፣ በቀኜ ሁንና መልስልኝ። ፍሬኑ ተፈትቶ ነበር?

መርሻ፦ ምን ይጠቅምሃል አሁን እሱ!

ዳምጠው፦ ያንን ፈረንጅ አውቀዋለሁ። ርግጫ ይፈራል። ያለ ፍሬን ከተኮሰ ደንብሮ ነው የተኮሰው፤ ደንብሮ ከተኮሰ ጎሹን አቁስሎታል እንጂ አልገደለውም፤ ቁስለኛው ነው ወንድሜን የጠበቀው። ፍሬኑን ካስፈታሁ ደግሞ እኔ ነኝ። ጆሮውን ላተርፍ ብዬ ነፍሱን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ይኼ ከሆነ እናቴ ፊት አልቆምም መርሻ። ከዚህ ደጃፍም የምነሳ አይመስለኝም። ተፈትቶ ነበር ወይ?

መርሻ፦ አልተፈታም።

ዳምጠው፦ ጮክ በል!

መርሻ፦ አልተፈታም! ፍሬኑ እንዳለ ነበር!

ዳምጠው፦ ምለህልኝ ነበር እኮ።

መርሻ፦ ምዬ ነበር! ከዳሁህ!

ዳምጠው፦ ማተብህን ይዘህ ነው የማልክልኝ። እዚሁ ደጃፍ ላይ ነው።

መርሻ፦ አዎ! ፈረንጁ ‹ያለሱ አልተኩስም› አለ! እኔም ‹ይሁን› አልኩ! አላስፈታሁትም!

ዳምጠው፦ ታዲያ ምትኩ...

መርሻ፦ ከጎኑ ነበር! እንዳንተው! ጥይቱ ሲጮህ ጆሮው ደነዘዘ! ጎሹ ሲመለስ አልሰማም! ጠራሁት፣ አልሰማኝም!

ዳምጠው፦ አልሰማህም?

መርሻ፦ አልሰማኝም!

ዳምጠው፦ አንተስ? ጆሮህን ደፍነህ ነበር?

መርሻ፦ ደፍኜ ነበር!

ዳምጠው፦ ጎሽ በሸምበቆ ሲመጣ እኮ መሬቱ ይጮኻል። ሸምበቆው ይሰበራል፣ ወፎቹ ይበተናሉ። ሕፃን ልጅ ይሰማዋል። እኔ ብቻ ነኝ የማልሰማው ብዬ ነበር። ለካ እሱም እንደኔ ሆኖ ነው የሞተው። ዓለም ጭጭ ብሎበት፣ ምን እንደመጣበት ሳያውቅ...

መርሻ፦ ቶሎ ነው ያለፈው! አልተሰቃየም!

ዳምጠው፦ ቃል አልተወም? አዝለኸው ስትወጣ ምንም አላለህም? ስለ እማዬ? ስለ እኔ? አንዲት ቃል?

መርሻ፦ ምንም አላለም!

ዳምጠው፦ ‹ዳምጠው› እንኳ አላለም?

መርሻ፦ አልተናገረም ዳምጤ! አፉ አልተከፈተም!

ዳምጠው፦ አይ ምትኩ። ሲወለድ እናቴ ‹ለሞተው ልጄ ምትክ ነው› ብላ ነው ስሙን ያወጣችው። ኋላ ደግሞ ለኔ ምትክ አደረግነው። ለራሱ መቼ ኖረ? ገና ሳቂታ ልጅ አይቶ እንኳ አልጠገበም።

መርሻ፦ ና ልደግፍህ! እናትህ ጋ ላድርስህ! ድንጋያማ ነው መንገዱ!

ዳምጠው፦ ቆይ። አንድ ነገር አልገባኝም። አንተ ተከራካሪ ሰው ነህ። ጥፋትህ ሲነገርህ ከድንጋይ ጋር ትሟገታለህ። ዛሬ ምነው አልተከራከርከኝም? ‹ፈረንጁ አስገደደኝ› በለኝ። ‹ካምፑ ያባርረኝ ነበር› በለኝ። ‹ልጁ ራሱ ግድ የለም አለ› በለኝ። አንድ ሰበብ ስጠኝና ልያዘው።

መርሻ፦ ሰበብ የለኝም!

ዳምጠው፦ ስጠኝ መርሻ። አንተንም ዛሬ እንዳላጣ።

መርሻ፦ የለኝም! ቃሌን በላሁ፣ ወንድምህ ሞተ! ለእናትህ እንዲህ ብለህ ንገራት! ‹መርሻ ነው› በላት! ‹እኔ ዋስ ብሆንም መርሻ ነው ቃሉን የበላው› በላት!

ዳምጠው፦ ትረግምሃለች።

መርሻ፦ ትርገመኝ!

ዳምጠው፦ የእናቴ እርግማን ይደርሳል። ልጆችህ ላይ ይደርሳል።

መርሻ፦ ... ይሁን! ንገራት ብቻ!

ዳምጠው፦ ዱላዬን ስጠኝ።

መርሻ፦ ይኸው። በቀኝህ ልሁንና...

ዳምጠው፦ አትንካኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ።

መርሻ፦ ሽማግሌዎቹ እየመጡ ነው! እነሱ ይያዙህ እንጂ ብቻህን አትውጣ!

ዳምጠው፦ አይቻቸዋለሁ። እነሱ ይይዙኛል። አንተ ግን በጓሮ በኩል ውጣ፣ ወደ ካምፕህ ተመለስ፤ አስከሬኑን የሚሸከም ወንድ አገሩ አላጣምና ለወንድሜ ቀብር እንዳትመጣ።